ጣቶቹ ያልረሱት ፓስወርድ

ይህን ታሪክ በቃል ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል። ከሰሙኝ ግማሾቹ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «የሰው አንጎል ጉድ ነው» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። በጽሑፍ ሳስቀምጠው ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከበዛብኝ ታገሡኝ።

ያኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነው፤ ከትምህርት በኋላ ስብሰባ፣ ከስብሰባ በኋላ ግምገማ። ኢንተርኔት ደግሞ እንደ ዛሬው በየኪሱ የሚዞር ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ተይዞ፣ ገጹ እስኪከፈት ሻይ ተጠጥቶ ነው።

የእኔ ቤተሰብ ሶዶ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ነው፤ አያቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ባለቤቴ ጌታሁን ግን ከሶዶ ወጣ ብላ የምትገኘው የገሱባ ከተማ ልጅ ነው። እናቱን እማማ አስቴርን ሁላችንም እማማ ነው የምንላት። እማማ አማርኛን በትልቅነቷ ከገበያ የተማረች ስለሆነች ወንድና ሴት አትለይም፤ ከተጋባን ጀምሮ እኔን «አንተ ምሕረት» እያለች ነው የምትጠራኝ። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። በኋላ ግን «አንቺ» ብትለኝ ቅር የሚለኝ ሆንኩ።

ጌታሁን በአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። በፓስወርድ ጉዳይ ግን ዝም አይልም። ለኢሜይሉ አንድ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ሌላ፣ ለላፕቶፑ ሌላ፣ ለየድረ ገጹ ሌላ፤ ሁሉም ረዣዥም፣ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ማሽኑ «ላስታውስልህ?» ሲለው እንቢ ይላል፤ ሥራውን ሲጨርስ ሁሌም ዘግቶ ይወጣል። የእኔ ፓስወርድ ግን የልጃችን ስም ነበር፣ ለሁሉም ነገር አንድ እሱው።

«ምሕረት፣ ይኼ እኮ ለአጥር፣ ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤትና ለሣጥን አንድ ቁልፍ ማድረግ ነው፤ ያውም በር ላይ ሰክቶ መሄድ» ይለኝ ነበር።

«አንተስ ብትረሳው?»

«አልረሳም።»

እውነቱን ነው፤ አይረሳም ነበር። ማታ ማታ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ ቤዛ መሬት ላይ ሥዕል ስትሥል፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን በቤቱ ስልክ መስመር ከኢንተርኔት አገናኝቶ ይከፍታል። የቁልፎቹን ፊደል አይቶ አያውቅም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ አንዳንዴም እኛ ላይ ሆኖ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሮጣሉ።

ልጃችን ቤዛ ያኔ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ችግር ነበረበት። ዳገት ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ መሄድ ሲያቅታት ባለችበት ቁጢጥ ትላለች። ሌሎች ልጆች ሲሯሯጡ እሷ ቁጢጥ ብላ ታያቸዋለች። ሐኪሞቹ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና መሆኑን፣ በአገራችን እንደማይሠራላትና ብዙ መቆየት እንደሌለበት ነግረውን ነበር።

በዚያ ዓመት ከውጭ የመጡ የልብ ሐኪሞች ከተማችን ሰንብተው ሕፃናትን አዩ። ቤዛንም አዩ። መዘገቧት፤ የጌታሁንን ኢሜይል ተቀብለው «ዕድሉ ከተገኘ እንጽፋለን» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጌታሁን በየቀኑ ኢሜይሉን ይከፍት ጀመር። ወራት አለፉ።

አንድ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጣ። እጁን ሳይታጠብ ቁጭ አለ።

«ጻፉ» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«ተቀብለዋታል። ሙሉ ወጪውን ችለው። አብሯት የሚሄደው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። የእሱም ዓይን እንባ ሞላ። ማን እንደሚሄድ ተነጋገርን፤ እኔ እንድሄድ ተስማማን።

«እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጠን ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል ብለዋል። አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ» አለና ወጣ። ግን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ፤ እስከ ማታ አልመጣም። በማግስቱ ማክሰኞ ደግሞ ገሱባ የወረዳ ቢሮ ኮምፒውተር ሊጠግን ቀጠሮ ነበረው። «ስመለስ እጽፋለሁ፤ ገና ማክሰኞ ነው» ብሎ በሞተር ሳይክል ሄደ።

ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ።

ሆስፒታል ስደርስ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ ተከድኖ አገኘሁት። ስልኩ ሞተሩ ሥር ተፈጭቷል። እማማ እሱን ከገሱባ ባመጣው መኪና አብራው መጥታ፣ እግሩ ሥር ቆማ በወላይትኛ ትጸልያለች። ስታየኝ ያዘችኝ።

«አንተ ምሕረት፣ አታልቅስ። ይተነፍሳል። አየሁት፣ ይተነፍሳል።»

ያን ቀን ስለ ኢሜይል አላሰብኩም። ትዝ ያለኝ ረቡዕ ጠዋት ነው። ቤዛ ቁርስ እየበላች «አባዬ ለሐኪሞቹ ጻፈላቸው?» አለችኝ።

የሐኪሞቹን አድራሻ አላውቅም። የድርጅታቸውን ስም እንኳ ጌታሁን በእንግሊዝኛ ሲጠራው ሰምቻለሁ እንጂ አልያዝኩትም። ሆስፒታሉ ውስጥ ጠየቅኩ፤ ያስተናገዳቸው ሐኪም ለትምህርት ከአገር ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። ያለው ደብዳቤያቸው ብቻ ነው፤ እሱም ጌታሁን ኢሜይል ውስጥ፣ ቁልፉ ደግሞ ጌታሁን ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ወደ ከድር ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ አባቱ እዚሁ ሶዶ መርካቶ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ እሱ ግን ኮምፒውተር ወድዶ ከሱቁ ጎን ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። የጌታሁን ጓደኛ ነው። ነገሩን ስነግረው ደንበኛ አስነሥቶ አስቀመጠኝ።

«መምህርት፣ የምታውቂውን ሞክሪ» አለኝ።

የቤዛን ስም ጻፍኩ። ስህተት። የቤዛን ስም ከተወለደችበት ዓመት ጋር። ስህተት። የእኔን፣ የእናቱን፣ የገሱባን ስም። ስህተት። ከድር «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚለውን ሲጫን ገጹ ጥያቄ አመጣ፤ የመጀመሪያ አስተማሪህ ማን ነበር የሚል። ደስ አለኝ። ለእማማ ደወልኩ፤ እማማ ወዲያው ነገረችኝ። ጻፍኩት። ስህተት።

ከድር ራሱን ያዘ። «ወይኔ ጌቾ! ለእኔም መክሮኝ ነበር እኮ። ለዚህ ጥያቄ እውነቱን አትመልስ፣ አስተማሪህን አገር ያውቀዋል፣ ውሸት ጻፍ ብሎኛል።»

ሌላው መንገድ ደግሞ መክፈቻውን ወደ ሁለተኛ ኢሜይሉ መላክ ነበር። ሁለተኛውም የራሱ ፓስወርድ አለው። ሳስበው ተናደድኩ፤ ባለቤቴ እዚያ በሕይወትና በሞት መካከል ተኝቶ እኔ እዚህ በእሱ ጥንቃቄ ተናደድኩ። አንድ ጊዜ ደግሜ ስሞክር ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሙከራው ስለበዛ ለጊዜው ተቆልፏል፣ ነገ ተመልሰው ይሞክሩ።

ሐሙስ ጠዋት ጌታሁን ዓይኑን ገለጠ።

እማማ እልል አለች። እኔ እጁን ይዤ «ጌታሁን፣ እኔ ነኝ» አልኩት። አየኝ። እንዳወቀኝ ዓይኑ ይናገራል፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ደግሞ ሞከረ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እናቱ በወላይትኛ አናገረችው፤ በዚያም አልመለሰም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «እህቴ፣ ንግግርን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ተመትቷል። ይሻለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።»

«ወራት?»

«ወራት።»

እስክሪብቶ ሰጠሁት። ይዞት ወረቀቱን ብዙ አየና አንድ መስመር አሰመረ። የራሱን ስም መጻፍ አልቻለም። ከሰዓት በኋላ ቤዛን አመጣኋት። ጉንጯን ዳበሳት፣ እንባው ወረደ። «ማናት?» ስለው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ስሟ ግን አልመጣለትም። የልጁን ስም ያጣ ሰው ያን ሁሉ ቁጥርና ፊደል ከየት ያመጣል? ተስፋዬ ያን ጊዜ ተቆረጠ።

ዓርብ ጠዋት የቀረችኝን የመጨረሻ ሐሳብ ይዤ ሄድኩ። ላፕቶፑን በቦርሳ አድርጌ ወሰድኩለት፤ መናገር ካቃተው ፊደሎቹን በጣቱ ይጠቁመኛል ብዬ። አልጋው ላይ ደግፌ ቀና አደረግኩትና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩ። አበራሁት። እሱም ፓስወርድ ጠየቀ፤ የላፕቶፑንም አላውቀውም።

«ጌታሁን፣ ኤ የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

አፌን ያያል።

«ኤም? የስሜ መጀመሪያ። የምሕረት ኤም።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፈገግታ ነው። ጣቱን አነሣ፣ ቁልፎቹ ላይ አንዣበበ፣ መለሰው። አንዱንም ፊደል አላወቀውም።

በዚያው ቅጽበት እማማና ቤዛ ደረሱ። ቤዛ ደረጃውን ስትወጣ ደክሟት በሩ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እንዳለ ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» እያልኩ ጀርባዋን ሳሽ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

የማውቀው ድምፅ ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ ደብተር ሳርም የምሰማው። ፈጣን፣ የማይቆራረጥ የቁልፍ ድምፅ።

ዞርኩ። ጌታሁን እኛን ነው የሚያየው፤ ቤዛን። እጆቹ ግን ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። ስክሪኑ ተከፍቷል። የቤዛ ፎቶ ሙሉውን ስክሪን ሞልቶ ይስቃል።

አልጮኽኩም። ቤዛን ይዤ ወደ አልጋው ተጠጋሁ። እሱም ስክሪኑን ሲያይ ደነገጠ፤ እጁን አንሥቶ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አገላብጦ አየው። እማማ «እጁ ሠራ! አንተ ምሕረት፣ እጁ ሠራ!» አለች።

ሐኪሙን ጠራሁት። ቆሞ ሰማኝና ፊቱ በራ። «አትጠይቂው» አለኝ። «ብስክሌት የሚነዳን ሰው ሚዛንህን እንዴት ነው የምትጠብቀው ብትይው አይነግርሽም፤ መንዳቱን ግን ይነዳል። እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ስትጠይቂው ወደ ተጎዳው ቦታ ይሄድና ያጣዋል። ተይው፣ እጁ ይሥራ።»

ለከድር ደወልኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ለእኛ የሚሆን ኢንተርኔት የለም። ከድር ሱቁን ዘግቶ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካውን የኢንተርኔት ዶንግል ይዞ በባጃጅ መጣ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፋነው። ከድር ዶንግሉን በገመድ አስረዝሞ ክንዱን በመስኮት ወደ ውጭ አወጣ። «እንዲህ ስይዘው ይስባል» አለ። ገጹ በቀስታ፣ ከላይ ወደ ታች እየተቀዳ ወረደ።

ጌታሁን እንዳይደክም ብዬ የኢሜይሉን አድራሻ ራሴ ጻፍኩለት፤ ፓስወርዱ የሚገባበትን ቦታ አዘጋጅቼ ላፕቶፑን ሰጠሁት። ጣቶቹ ወዲያው ሮጡ።

ስህተት።

ከድር አጎንብሶ አየ። «መምህርት፣ የላፕቶፑን ፓስወርድ ነው የደገመው መሰለኝ። እኔ ጋ ኢሜይሉን ሲከፍት የሚጽፈው ከዚህ በጣም ይረዝማል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ ረቡዕ ከተቆለፈብን ዛሬ አበቃ። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።»

ፈራሁ። ሲፈራ ደግሞ ሰው ይሳሳታል። ሐኪሙ ያለኝን ረስቼ «ጌታሁን፣ ይኼን አይደለም፤ የኢሜይሉን! የኢሜይሉን ጻፍ!» አልኩት። እጆቹ በአየር ላይ ቀሩ። ዓይኑ ወደ ቁልፎቹ ወረደ፤ ፊደሎቹን እያየ ይፈልግ ጀመር። አንዱንም አያውቀውም። ጣቶቹን ጨበጣቸውና ፊቱን አዞረ።

እማማ ላፕቶፑን ከጭኑ አነሣችው። «ተወው። ራበው፣ ይብላ» አለችና ያመጣችውን ቅቅል ጎደሬ እየቆረሰች ታጎርሰው ጀመር። ከድር ክንዱ በመስኮት እንደወጣ ቆሟል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ።

ጌታሁን ቤት ውስጥ ኢሜይሉን የሚከፍተው እንዴት ነው? ተኝቶ አይከፍትም፤ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ጭኑ ላይ አያስቀምጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው። አድራሻውን ማንም አይጽፍለትም፤ ራሱ ይጽፋል፣ ሳያቆም ወደ ፓስወርዱ ያልፋል። ማንም ቆሞ አያየውም። እኔ ደብተር አርማለሁ፣ ከቤዛ ጋር አወራለሁ። ለጣቶቹ አድራሻውና ፓስወርዱ ሁለት ነገር አይደሉም፤ አንድ ጉዞ ነው። እኔ ጉዞውን መሐል ላይ ነበር ያስጀመርኩት።

በላ፣ ውሃ ጠጣ። ከድርና እኔ ደግፈን አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አውርደን አስቀመጥነው። የምግብ ጠረጴዛውን ከፊቱ አቀረብን፤ ላፕቶፑን ላዩ ላይ፣ ገጹን ባዶ አድርገን። ከዚያ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ቤዛን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለ ትምህርት ቤት አወራት ጀመር።

«መስከረም ላይ ስትገቢ ከማን ጋር ነው የምትቀመጪው?»

«ከሳራ ጋር።»

«ሳራ ወሬ ታበዛለች እኮ።»

«እኔም አበዛለሁ» አለች ቤዛ።

ከኋላዬ የቁልፍ ድምፅ የለም። እማማ ዓይኗን ጨፍናለች። ከድር ዶንግሉን መልሶ በመስኮት አውጥቶ ፊቱን ወደዚያው አዙሯል። ስለ ሳራ፣ ስለ አዲሱ ቦርሳ፣ ስለ ቦርሳው ቀለም አወራን። ወሬ ሊያልቅብኝ ሲል ጀመረ።

አድራሻው። ከዚያ አንድ ቁልፍ፣ ወደ ታችኛው ቦታ የሚያሻግረው። ከዚያ ሳያርፍ ረዥም፣ በጣም ረዥም ሩጫ፤ መሐሉ ላይ ሁልጊዜ የሚያደርጋት ትንሽ እረፍት፤ ደግሞ ሩጫ። በመጨረሻ ትልቁ ቁልፍ አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ተመታ።

ስዞር ገጹ ነጭ ነበር። ነጭ ሆኖ ቆየ። ከድር ክንዱን ከመስኮቱ ይበልጥ አስረዝሞ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ከዚያ ከላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ የጌታሁን ስም መጣ። ከሥሩ ደብዳቤዎቹ።

ማንም አልጮኸም። እማማ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ከድር «አላሁ አክበር» ያለው በሹክሹክታ ነበር። እኔ የባለቤቴን እጆች አየኋቸው። ከሞተሩ ሲወድቅ የተላጠ ቆዳ፣ የደረቀ ደም፣ ጥፍሩ ሥር አፈር። ከእነዚህ እጆች ጋር ስንት ዓመት ኖሬ በውስጣቸው ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። የልጁን ስም መጥራት አቅቶት፣ ፊደል መለየት አቅቶት፣ የልጁ ሕይወት የተቀመጠበትን በር ከፈተ። እሱ ራሱ ምን እንደሠራ አላወቀም። እኛን ተራ በተራ እያየ ምን ሆናችሁ በሚል ዓይን ይጠይቃል።

ደብዳቤው እዚያው ነበር፤ ጌታሁን እንደነገረኝ፣ እስከ ዓርብ የሚል። ከሥሩ መልስ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ ሲመቸኝ እንኳ ይንተባተባል፤ ያን ቀን ግን ቃል አልመረጥኩም። ተስማምተናል፤ አብሬያት የምመጣው እናቷ ነኝ፤ አባቷ አደጋ ደርሶበት ነው የዘገየነው፤ እባካችሁ ቦታዋን ለሌላ አትስጡባት። ላክሁት። ከድር «ተልኳል» የሚለውን ጽሑፍ በዓይኑ ሳያይ ክንዱን አላስገባም። ከዚያ ዶንግሉን ትቶልን ለጁምዓ ሰላቱ እየሮጠ ሄደ።

ገጹን ለመዝጋት አልደፈርንም። መስኮቱ ላይ እየተፈራረቅን ዶንግሉን ይዘን ዋልን፤ እኔ፣ እማማ፣ ከሰላት ሲመለስ ከድር። ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትል አዲስ ደብዳቤ መጣ። አጭር ነበር። ስንጠብቃችሁ ነበር፤ ለአባቷ እንጸልያለን፤ የቤዛ ቦታ የቤዛ ነው።

ከዚያ ያለውን ላሳጥረው። ቤዛና እኔ ሄድን፤ ጌታሁንን ወንድሙና እማማ አስታመሙት። ቀዶ ሕክምናው ረዥም ነበር። ከክፍሉ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት ከንፈሯን ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ሆኗል። ሶዶ ስንመለስ ጌታሁን መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀን። እየሮጠች ስትመጣ አየ። ልጁ ስትሮጥ አይቶ አያውቅም። አፉን ከፍቶ ታገለ፣ ታገለና «ቤ… ዛ» አለ። ስሟን ከአደጋው በኋላ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው።

ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዛሬም ሲቸኩል ቃል ይጠፋዋል፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ሲሻለው «ያ የኢሜይል ፓስወርድ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አስቦ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቀውም። እጄ ነው የሚያውቀው።» ስለዚህ አንድ ሙሉ ሳምንት የፈጀ ሥራ ጀመርን። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ አንዱን ገጽ ከባዶ ይከፍታል፤ እኔና ቤዛ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ጣቶቹ ይከፍቱታል። እንደተከፈተ ፓስወርዱን ሁለታችን ወደምናውቀው እንቀይረዋለን። አንዱ እንቢ አለ። ቤዛ ስትወለድ ያነሣቸው ፎቶዎች ያሉበት ነው፤ ጣቶቹ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ተአምር ጠብቁ ለማለት አይደለም። እኛ ያገኘነውን ሁሉም ሰው አያገኘውም። የሥራ ባልደረባዬ ወንድም በቅርቡ ድንገት አረፈ፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ የልጆቿን ፎቶና የእሱን የመጨረሻ መልእክቶች መክፈት አልቻለችም። እያለቀሰች ስትነግረኝ ነው ልጽፍ የወሰንኩት።

ጌታሁን በአንድ ነገር ትክክል ነበር፤ ለሁሉ በር አንድ ቁልፍ ማድረግ ሞኝነት ነው። እኔም ትቼዋለሁ። የእሱ ስህተት ደግሞ ጭንቅላቱ የማይሰበር ሣጥን ነው ብሎ ማሰቡ ነው። አሁን ሁሉንም የሚይዝልን የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም አለን፤ እሱን የሚከፍተው አንድ ረዥም ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን እሱና እኔ እናውቀዋለን። ፓስወርድ ቢጠፋ የእሱ ኢሜይል መመለሻ የእኔ ስልክ ነው፣ የእኔ ደግሞ የእሱ። ለምስጢር ጥያቄዎቹ ዛሬም ውሸት እንመልሳለን፤ ግን አንድ ዓይነት ውሸት። እናንተም አንድ የምታምኑት ሰው ፈልጉ። ዛሬ፣ ጤነኛ ሆናችሁ ሳላችሁ።

በእኔ ላይ የተለወጠው ግን ከዚህ ይበልጣል። ድሮ ሰውን አወቅኩት እል ነበር። አሁን አልልም። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄው ዝም የሚለኝን ተማሪ አላውቅም ብሎ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የሚያውቀው ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነስ? ወረቀቱን ሰጥቼው፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ትንሽ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ቤዛ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከመሄዷ በፊት የራሷን ስልክ ገዛንላትና ኢሜይሏን፣ ፓስወርዷን፣ ሁሉን ነገሯን ስታዘጋጅ ዋለች። አባቷን «አባዬ፣ አትይ!» አለችው። እሱም ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንድ ሰው ግን… ማወቅ አለበት» አለ፣ ቃሉን እየፈለገ።

ወደ እኔ መጥታ አንገቴን አቀፈችና ጆሮዬ ላይ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ረዥም ነው፣ ቆንጆ ነው፣ እንድትደግምልኝ አላስፈለገኝም። ምን እንደሆነ ግን ለእናንተ አልነግራችሁም።